ጣሪያው ዘይት የሚያንጠባጥብ ኤስኤል 500፦ ላሠራው ወይስ እንዳለ ልሽጠው?

ባለ ሁለት ወንበር፦
ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ2002 ሞዴል መርሴዲስ ኤስኤል 500 አለኝ፣ ጣሪያው የሚከፈተው። 91 ሺህ ማይል ሄዷል። ታክሲ ስነዳ ባጠራቀምኳት ገንዘብ ነው የገዛሁት፤ ያኔ ላጤ ነበርኩ። አሁን ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ወንበሩ ግን ያው ሁለት ነው።

ችግሩ ጣሪያው ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ፣ የፀሐይ መከለያው ጋ፣ ዘይት ያንጠባጥባል። የፋሲካ ሌሊት ልጆቹን የባለቤቴ እህት ቤት ትተን ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ጠብ! የባለቤቴ ነጠላ ላይ። ከሽሮ ሜዳ የመጣ፣ ገና ውኃ ያልነካው ነጠላ። ቤት እስክንደርስ አልተነፈሰችም። ስንገባ ግን "ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ" አለች።

አንድ ነጋዴ 4,500 ዶላር እሰጥሃለሁ አለኝ። ጋራዥ ደግሞ ጣሪያውን ለመሥራት 3,800 ጠየቀኝ። ምን ይሻለኛል? አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ብልክለትስ?

ቦሌ ነኝ፦
የአዲስ አበባውን እርሳው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል አገር ቤት አይገባም፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ። ቢገባስ? መሬት የሚልስ መኪና ይዞ የሰፈራችንን ጉድጓድ እንዴት ሊያልፈው ነው!

የአሌክሳንድሪያው፦
ወንድሜ፣ እንዳንተው ዓይነት መኪና ባለፈው ዓመት ሸጫለሁና ስማኝ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። ገዢ ሲመጣ ዘይቱን በጨርቅ ጠራርጌ ጠበቅሁት። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ሞተሩን እንኳ አላስነሳም። የፀሐይ መከለያውን አወረደና ከላይ ያለውን ስንጥቅ በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱን አሸተተ። "አመሰግናለሁ" ብሎኝ ሄደ። የዚህ መኪና ፈላጊ በሽታውን ከኛ በላይ ያውቀዋል።

የሚያንጠባጥቡት ጣሪያውን ከፊት የሚቆልፉት ሁለት ትንንሽ የሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠሩ) ሲሊንደሮች ናቸው። ውስጣቸው ያለው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ በዕድሜ ብዛት ይፈረካከሳል። ጋራዡ 3,800 ያለህ አዲስ ሊገጥምልህ አስቦ ይሆናል። አዲስ አያስፈልግም። ፈትቶ ጎሚኒ ወደሚቀይር ባለሙያ በፖስታ መላክ ነው። እኔ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቅዳሜ ፈታሁት፣ ማስቀየሪያውን ጨምሮ 600 ዶላር አልሞላም። ዘይቱ እስኪያልቅ ግን አትጠብቅ፤ ጣሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ያውም ዝናብ ሲመጣ።

ከዚያ ጣሪያው ሲከፈትና ሲዘጋ ሳታቋርጥ ቪዲዮ አንሳ። የኋላው ፕላስቲክ መስኮት ቢጫ ከሆነም ፎቶውን አትደብቅ። ተነቃዩ ጠንካራ ጣሪያ አለህ? ካለህ ዋጋ ይጨምራል። 2002 የዚህ ቅርጽ የመጨረሻ ዓመት ስለሆነ እሱንም ጻፈው። ደግሞ በኅዳር ብርድ ክፍት መኪና የሚገዛህ የለም፣ መጋቢትን ጠብቅ።

እንዳለ ሽጠው፦
እኔ አልስማማም። አሮጌ መርሴዲስ አንዱን ስትጠግን ሌላው ይነሣል። 6,000 ብለህ ለጥፍና ተገላገል።

የሰነድ እህት፦
ገንዘቡን ባንክ ውስጥ፣ ካሸሩ ፊት ተቀበል። የባንክ ቼክ ነው ብለው የሚያመጡት ወረቀት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ የአጎቴ ልጅ ካምሪውን በዚህ ተበልቷል። ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ገንዘቡ እጅህ ሳይገባ እንዳትፈርም። ታርጋውን ፈትተህ አስቀር፣ ኢንሹራንስህንም ታርጋውን ሳትመልስ አትሰርዝ፣ ሜሪላንድ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ገዢው እዚሁ የሚያስመዘግበው ከሆነ የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ወረቀት ይጠየቃል፣ የኛው ቦሎ በለው። ወረቀቱ የሚያገለግለው 90 ቀን ስለሆነ ቀድመህ አታሠራው።

ባለ ሁለት ወንበር፦
ተመልሻለሁ። ሲሊንደሮቹን ባለቤቴ ባትሪ እያበራችልኝ ፈታሁ (አዎ፣ ራሷ)። መኪናውን የብርዱን ወራት ሸፍኜ አቆየሁት። ማስታወቂያው ላይ የዘይቱን ነገር ከመጀመሪያው መስመር ጻፍኩ፣ ደረሰኙንም ጨመርኩ። አንድ ጡረታ የወጣ መምህር መጣ፤ እሱም መከለያውን አውርዶ በጣቱ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። 9,200 ተስማማን፣ ባንክ ሄደን ተፈራረምን።

ጣሪያውን ከፍቶ ሲሄድ ልጆቹ በረንዳ ላይ ቆመው አጨበጨቡለት። እኔ ትንሽ ሆዴ ባባ። ባለቤቴ ግን "ነጠላዬስ?" አለችኝ። ሽሮ ሜዳ ደውያለሁ።