ሮሜ 8፥34፦ «የሚማልደው» ወይስ «የሚፈርደው»?

መካኒሳ፦ በ1954 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ክርስቶስ «ስለ እኛ የሚማልደው» ይላል። የ2000 ዓ.ም. ሰማንያ አሐዱ (የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ) «የሚፈርደው» አለው። ግሪኩ ግን አንድ ነው፦ ኤንቱንካኔይ። መፍረድ በግሪክ ክሪኖ ነው፤ እዚያው ቁጥር ላይ «የሚኰንንስ ማን ነው?» የሚለውም ካታክሪኖ የዚሁ ዘመድ ነው። ጳውሎስ «ይፈርዳል» ማለት ቢፈልግ ቃሉ እጁ ላይ ነበር። ታዲያ ምን ያከራክረናል?

የቅኔ ልጅ፦ ረጋ በል ወንድሜ። ኤንቱንካኖ መነሻው መገናኘት፣ ቀርቦ ማነጋገር ነው። ሮሜ 11፥2 ላይ ኤልያስ እስራኤልን «እንደሚከስ» ብሎ ያንተው 1954 የተረጎመው ይህንኑ ግስ ነው። ኤልያስ ያን ጊዜ እያማለደ ነበር ልትለን ነው?

መካኒሳ፦ እዚያ «ካታ» አለበት፣ በእስራኤል ላይ ማለት ነው። 8፥34 ላይ ያለው «ሂፔር» ነው፣ ስለ እኛ። አቤት ባይ ለወገኑም አቤት ይላል፣ በባላጋራውም ላይ። ሐዋ. 25፥24ን እየው፤ አይሁድ ጳውሎስ ይሙት ብለው ሮማዊውን ገዥ ፊስጦስን የለመኑበት ቃል ይኸው ነው። ዳኛው ግን ፊስጦስ ነበር እንጂ ለማኞቹ አልነበሩም።

የቅኔ ልጅ፦ እሺ፣ የፊስጦሷን ተቀብያለሁ። ግእዙን ግን አትዝለለው፤ «ይትዋቀሥ በእንቲአነ» ነው የሚለው። ተዋቀሠ ማለት ተሟገተ፣ ተከራከረ ነው።

እኅተ ማርያም፦ እንግዲያው ግእዙም «ይፈርዳል» አላለማ! ተሟጋችና ዳኛ መቼ አንድ ሆነው ያውቃሉ? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ምልጃው በመስቀል ተፈጸመ የሚለውን የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት ለመጠበቅ ግን ግስ መጠምዘዝ አያስፈልገኝም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት ዮሐንስ አፈወርቅ አፉን የፈታው በግሪክ ነው። ይህን ጥቅስ ሲተረጉም ቃሉ ሌላ ነው አላለም። ጳውሎስ እንዲህ የተናገረው የክርስቶስን የፍቅሩን ግለት ለማሳየት ነው፣ ወልድ ከአብ አንሶ ስለሚለምን አይደለም አለ። አብም ራሱ ሰዎችን እንደሚለምን ተጽፏል ብሎ ነው ያስረዳው። 2ኛ ቆሮ. 5፥20ን በ1954ቱ አንብቡት፦ «እግዚአብሔር በእኛ እንደሚማልድ»። አብ ለማን ያማልዳል?

መካኒሳ፦ እዚያ ያለው ፓራካሌኦ (መለመን) ነው፤ ሌላ ግስ።

እኅተ ማርያም፦ ሌላ ነው። አፈወርቅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ መሰለህ? እሱ የያዘው ነገሩን ነው፣ ለእግዚአብሔር የሰው አነጋገር ሲነገርለት እንዴት ይሰማል የሚለውን። ለዚህ መዝገበ ቃላት አይበቃም፤ አንተም ያንተን መልስ ከመዝገበ ቃላት አላገኘኸውም።

የቅኔ ልጅ፦ እኔ ተርጓሚ ብሆን «የሚሟገትልን» እል ነበር። ከፍ ብሎ «ማን ይከሳቸዋል?» ይላል አይደል፤ ከሳሽ ከቆመበት ችሎት የሚገባው ቃል እሱ ነው። «ይማልዳል» ስትሉኝ ግን እኔ የሚታየኝ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው።

መካኒሳ፦ «የሚሟገትልን» ለእኔም ይስማማኛል። ግን ዕብ. 7፥25 ላይም ያው ግስ ነው ያለው፣ ያውም «ዘወትር» ከሚል ቃል ጋር። ምልጃው በመስቀል ተፈጸመ የምትሉ፣ «ዘወትር»ን የት ልታደርሱት ነው?

እኅተ ማርያም፦ ያ ለብቻው አንድ ማታ ይፈልጋል። ከሠርክ ጸሎት ስመለስ እጽፋለሁ።