«አትሞ ያወጣዋል» ወይስ «ጽፎ»?

ብርሃነ ፊደል፦ ስለ ቴሌግራፍ ታሪክ እየጻፍኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «ዴቪድ ሂዩዝ በ1855 እ.ኤ.አ. የሠራው መሣሪያ መልእክቱን ተቀባዩ ዘንድ አትሞ ያወጣዋል።» አባቴ ሲያነቡት «በምን ያትመዋል፣ በሰም?» አሉኝ። «ጽፎ» ልበለው?

ደጀ ሰላም፦ አባትህ ልክ ናቸው። ግእዙ ኀተመ ነው፣ በብዙኃኑ ኀ። ማሸግ፣ መዝጋት ማለት ነው። ዳንኤል 12 ላይ «መጽሐፉንም አትም» ሲል አባዝተህ በትን ማለቱ አይደለም።

ሽቦ አደር፦ መምህር፣ ማሽኑን እንይ። የሞርስ መሣሪያ ወረቀት ላይ የሚያወጣው ነጥብና ሰረዝ ነው፤ ያን ወደ ፊደል የሚመልሰው ሰው ነው። ሂዩዝ ግን እንደ ፒያኖ ያሉ 28 ቁልፎች አደረገለት። በሁለቱም ጣቢያ ፊደል የተቀረጸበት መንኮራኩር እኩል ይሽከረከራል። ለአንድ ፊደል አንድ የኤሌክትሪክ ምት ብቻ ይሄዳል፤ ምቱ ሲደርስ ወረቀቱ ብድግ ብሎ በዚያች ቅጽበት ከፊቱ ያለውን ቀለም የነካ ፊደል ይነካል። ፊደሉን የሚለየው ሰዓቱ ነው፤ አንዱ መንኮራኩር ከዘገየ ሌላ ፊደል ይወጣል። ይሄ ማኅተም መምታት ካልሆነ ምን ይባላል?

የሰዋስው ወዳጅ፦ እኔ ደግሞ «ማተብ»ም ከዚሁ ይመስለኛል። ሁለቱም ምልክት ናቸው።

ደጀ ሰላም፦ በፍጹም! ማተብ ከዐተበ ነው፣ በዐይኑ ዐ። ቅኔ ቤት ይህን ያደባለቀ ተማሪ ቁጭ ብሎ አያመሽም ነበር።

ጎንደሬዋ፦ ዕብራይስጡ ሖታም፣ ዐረብኛው ኻተም ነው፤ የዐረብኛው የጣት ቀለበትም ይባላል። ቀለበቱ ሰሙ ላይ መልኩን ይተዋል። ስለዚህ መልክ ማሳረፍ ይቀድማል፤ መዝጋት የሱ ውጤት ነው። ሽቦ አደር እውነቱን ነው።

ደጀ ሰላም፦ ሰባቱ ማኅተሞች ሲፈቱ መልክ ነው የተፈታው ወይስ መዘጋት?

ሽቦ አደር፦ ከሂዩዝ በፊትም ሮያል ኧርል ሃውስ በ1846 ባለ ቁልፍ አታሚ ቴሌግራፍ ነበረው። በ1874 የመጣው የቦዶ መሣሪያ በ5 ቁልፎች ብቻ ቢሠራም፣ ያው ፊደል ያትማል እንጂ አይጽፍም።

ብርሃነ ፊደል፦ አመሰግናለሁ፣ ግን ለአባቴ «አትሞ» ብዬ ልተወው? ወይስ «የፊደሉን ማህተም እየመታ» ልበል?

ደጀ ሰላም፦ መጀመሪያ «ማህተም»ን በኀ ጻፈው፣ ከዚያ እንነጋገራለን።