ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ መኪና የሌለበት የብስክሌት መንገድ፣ ደህና ኪራይና ደህና ጠጋኝ

የጢጣ ልጅ፦
ሰላም ወገኖቼ። ከመስቀል በኋላ እኔ፣ ባለቤቴና የ13 ዓመት ልጃችን ለሁለት ቀን ብስክሌት ልንነዳ አስበናል። እኔ ደሴ ነው ያደግኩት፤ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ውድድር አይደለም። ቀስ ብለን፣ ወንዝ ይዘን፣ ደን እያየን፣ ሲደክመን አረፍ ብለን ቡና እየጠጣን መሄድ ነው የምንፈልገው። ዋናው ነገር መኪና አለመኖሩ ነው። ልጄ ከሲኖ ትራክ ጋር እንዲጋፋ አልፈልግም።
ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የትኛው መንገድ ይሻለናል? የቦርከና ወንዝ ዳር፣ ገራዶ፣ የጎፍ ደን ወይስ ሐይቅ? ሁለተኛ፣ ደህና ብስክሌት የሚያከራይ ወይም በደንብ ፈትሾ የሚሰጥ ሰው የት አለ? ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ?

ሰኞ ገበያ፦
ከደሴ ተነሱና በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። ከዚያ የተሻለ እይታ የለም። አብዛኛውን መንገድ ፔዳል መምታት እንኳን አያስፈልጋችሁም። ስትመለሱ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጫኑት፣ አለቀ።

ኮምቦልቻዊ፦
ልጅ ይዞ ሐረጎን? እህቴ፣ ይቅርብሽ። የደረሰብኝን ልንገርሽ።
አምና ጥቅምት ላይ ከአንድ አከራይ ብስክሌት ወሰድኩ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየው እንጀራው ነው። ብስክሌቱ ማርሽ ያለው፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ሲያዩት የሚያምር ነበር። ቆሜ ፍሬኑን ጨበጥ አደረግኩት፤ ያዘ። ሌላ ነገር አላየሁም። ከሐረጎ አናት ቁልቁል ስጀምር ጉም ነበር፤ አስፋልቱ ረጥቧል። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ የኋላውን ስይዝ ሽቦው ከእጀታው ሥር ጧ ብሎ ተበጠሰ። የፊቱን ያዝኩ። ላስቲኩ ለካ አልቋል፤ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቀው ጀመር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከኋላዬ ቦቴ ጥሩንባ ይነፋል፣ ከፊቴ አይሱዙ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል። ጫማዬን አስፋልት ላይ እየጎተትኩ በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቀኝ ክንዴ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ።
አከራዩ ዘንድ ስመለስ መጀመሪያ የጠየቀኝ የተጣመመውን ቸርኬ ማን እንደሚከፍል ነው። መያዣ ያስቀመጥኩትንም ብር አልመለሰልኝም።

የሐይቅ ልጅ፦
ወላሂ ነፍስህ ተርፋለች። አብሽር ወንድሜ። ቦቴው ቢያገኝህ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

ሰኞ ገበያ፦
አዝናለሁ ወንድሜ። ግን እሱ የሐረጎ ጥፋት አይደለም፤ የብስክሌቱ ነው። እኔ ሁሌ ደሴ ፒያሳ ካለው ጠጋኝ ነው የማሠራው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ወደ እሱ ሄደህ ቢሆን ይሄ አይደርስብህም ነበር።

ወረሴህ፦
እኔም የፒያሳውን ሰውዬ እመሰክርለታለሁ። ልጅ ሆኜ ያለ ገንዘብ ጎማ ይጠግንልኝ ነበር።

ኮምቦልቻዊ፦
ደግነቱን አልጠራጠርም። ግን ስንቶቻችሁ እሱ በሠራው ብስክሌት ረጅም ቁልቁለት ወርዳችኋል? ከቤት እስከ ሱቅ የሚነዳ ፍሬን ሌላ ነው፤ ሐረጎን የሚወርድ ሌላ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። እንደዚህ ያለ ቦታ የፍሬን ላስቲክ ይግላል፣ ቸርኬውም ይግላል። ደግ ሰው መሆን ብቻውን አያድንም።

ሰኞ ገበያ፦
እኔ የማውቀውን ተናገርኩ። አሥራ አምስት ዓመት ቀላል አይደለም።

ዳውዶ ሰፈር፦
ኮምቦልቻዊ፣ መያዣህን ያልመለሰው አከራይ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ነው?

ኮምቦልቻዊ፦
አልናገርም ብያለሁ። እባክህ አታስገድደኝ።

ዳውዶ ሰፈር፦
ሌላው እንዳይሸወድ ብዬ ነው እንጂ። እኔም አንዴ መታወቂያዬን መያዣ ወስዶ ሁለት ቀን ያመላለሰኝ ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱን ከመውሰዴ በፊት አራቱንም ጎን ፎቶ አነሳለሁ፤ የተጫረውን ሁሉ አከራዩ ፊት አሳያለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። መታወቂያ አትስጡ፣ ኮፒ ይበቃዋል።

ከአኸን፦
እኔ ጀርመን አኸን ነው ያለሁት፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ጥያቄውን ሳየው ልቤ ተነካ። እዚህ ፌንባን የሚባል መንገድ አለ። ከአኸን ተነስቶ በቤልጂየም አልፎ ሉክሰምበርግ ድረስ 125 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱን አንስተው አስፋልት አለበሱትና ለብስክሌትና ለእግረኛ ሰጡት። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ መንገዱ ሲሠራ ዳገቱን አለስልሶ፣ ሸለቆና ተራራ ጥግ ይዞ ነው። ዛሬ በዚያ ላይ የሰባት ዓመት ልጅም የሰባ ዓመት ሽማግሌም ይነዳል። ብዙ ቦታ በጫካ ያልፋል፣ መኪናም የለም ማለት ይቻላል። በነዳሁ ቁጥር ቦርከና ትዝ ትለኛለች። ለኛም እንዲህ ቢሠራልን ምን ነበረበት እላለሁ።

ወረሴህ፦
ኮምቦልቻ ላይም እኮ የባቡር መስመር ተሠርቷል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሀራ ገበያ የሚሄደው።

ከአኸን፦
እሱ አዲስ ሐዲድ ነው፤ ለባቡር ነው የተሠራው። ባቡሩ ይምጣልን እንጂ ሐዲዱ አይነሳብን። እኔ የምለው አዲስ መንገድ ሲሠራ ከጎኑ አንድ ሜትር ተኩል ለብስክሌት ይተው ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
ብስክሌት ከተነሳ አይቀር፣ አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ብስክሌተኞች አሰልፋ እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ። ዛሬ ልጆቻችን ብስክሌት የሚያዩት ኪራይ ላይ ብቻ ነው። ያሳዝናል።

አዘዋ ገደል፦
ወገኖች፣ ሴትየዋ የጠየቀችውን አንብባችኋል? መኪና የሌለበት መንገድ አለች፤ የመጀመሪያው መልስ ሐረጎ ሆነ። ደህና ጠጋኝ አለች፤ የማን ጠጋኝ ደግ እንደሆነ ሙግት ገባን። ቀጥለን ጀርመን ደረስን፣ ከዚያ ሜልቦርን። ልጁ አድጎ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ አንድ መንገድ ብንነግራት መልካም ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
እውነት ነው። እህቴ፣ እኔ ሐይቅን ነው የምመክርሽ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን አስፋልቱን በብስክሌት አትምጡት፤ እሱ ወደ ወልድያ የሚሄደው ዋና መንገድ ነው፣ መኪናው አያሳርፍም። ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስሩና ሐይቅ ከተማ ውረዱ። ሲያስሩት ቆማችሁ እዩ፤ ማርሹ ወደ ላይ ይሁን፣ ገመዱ ፍሬን ሽቦውን አይጫነው።
ከዚያ ወደ አርዲቦ የሚወስደውን ኮረኮንች ያዙ። አርዲቦ ትንሿ ሐይቅ ናት፤ ከትልቁ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ውሃዋ በአንቀርቃ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ስለዚህ ስትሄዱ ዳገት፣ ስትመለሱ ቁልቁለት ነው። ዳገቱ ላይ ልጁ ከደከመው ወርዶ ይግፋ፣ ማንም አይስቅበትም። የምታገኙት አህያ፣ በግ፣ አልፎ አልፎ ባጃጅ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ጭጋግ ይተኛል፤ ፀሐይ ስትወጣ ከዳር ጀምሮ እንደ ነጠላ ይጠቀለላል። እሱን ሳታዩ አትሂዱ።
ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ባለቤትሽና ልጅሽ ሊገቡ ይችላሉ። ሴት አይገባም፤ አንቺ ውሃው ዳር ቡና ይዘሽ ጠብቂያቸው።

ወረሴህ፦
ገራዶስ? ከደሴ በስተምዕራብ ያለው ሸለቆ ውብ ነው። የሚገርመኝ ነገር፣ የቦርከና ውሃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ የገራዶ ደግሞ ወደ ዓባይ። በአንድ ከተማ ግራና ቀኝ! ወደ አቀስታ የሚሄደውን አስፋልት ትታችሁ የእርሻውን መንገድ ከያዛችሁ ሰላም ነው። ችግሩ መመለሻው ነው። ወደ ደሴ ሽቅብ ነው የሚወጣው፣ ከሰዓት በኋላ ደክሟችሁ ይከብዳል።

ኮምቦልቻዊ፦
ለልጅ ከሆነ ኮምቦልቻ ሜዳው ይሻላል። የቦርከናን ዳር ይዞ በማሳዎቹ መካከል የሚሄድ የእርሻ መንገድ አለ። በመስከረም መጨረሻ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ በግራም በቀኝም እሱ ብቻ ነው የሚታያችሁ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዝናብ ከዘነበ ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ ይጣበቅና ብስክሌቱ አይንቀሳቀስም፤ አንድ ቀን ጠብቁት። ከፋብሪካዎቹ በታች ደግሞ ልጁ በወንዙ ውሃ አይታጠብ።
የባቲን አስፋልት ግን አትሞክሩት። ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚሄደው የጭነት መኪና ሁሉ በዚያ ነው።

ዳውዶ ሰፈር፦
የጎፍ ደንን ረሳችሁት። ጥድና ወይራ፣ ቀዝቃዛ አየር። ግን ለብስክሌት ሳይሆን ለእግር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገትና ድንጋይ ነው። ብስክሌቱን ሥር አስቀምጣችሁ በእግር ብትወጡ ይሻላል። የትም ስትሄዱ ደግሞ ማታውኑ ለአካባቢው ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

ጎሚስታ፦
እኔ ሙያዬ ስለሆነ ስለ ብስክሌቱ ልናገር። ሱቄን አልጠቁምም፤ የትኛውም ጋ ብትወስዱት እነዚህን ራሳችሁ እዩ።
ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ጨብጡ። እጀታው መሪውን ከነካ ፍሬኑ ላልቷል። ከዚያ እጀታው ሥር ያለውን ሽቦ በጣታችሁ ዳብሱ። አንድ ክር እንኳን ተበጥሶ ከወጋችሁ ይቀየር፤ ኮምቦልቻዊን የጣለው እሱ ነው። ላስቲኩ ላይ ቦዮች አሉ፤ ቦዩ ካልታየ አልቋል። ጎማውን አንሥታችሁ አሽከርክሩት፤ ቸርኬው ከተወላገደ ፍሬን ይዞ ይለቃል። ካቴናው ዝጎ ከጮኸ ዘይት ብቻ አይበቃውም።
ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትቆዩ። ያዝ አድርጉ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ሁለቱንም ተጠቀሙ፤ የኋላው ብቻውን ይንሸራተታል። በዝናብ ደግሞ ቀድማችሁ ያዙ፣ ላስቲኩ ውሃውን ጠርጎ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ለልጁ ቁመቱን የሚያክል ይሁን፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የእግሩ ጣት መሬት ይንካ። ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ያዙ። ገጠር ውስጥ ጎሚስታ አታገኙም።

ሰኞ ገበያ፦
ይሄን ሁሉ የፒያሳው ሰውዬም ያያል።

ጎሚስታ፦
ካየ ጎበዝ ነው። ግን እናቱም አብራ ትይ።

የጢጣ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሽቦውን ነገር አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ገራዶን ነው የሚለው፤ ልጁ የአርዲቦን ጭጋግ ሲሰማ ዘለለ። እስቲ ተመካክረን። አንድ ጥያቄ፦ ብስክሌት ሚኒባስ ላይ ሲጫን የሚያስከፍሉት እንደ ሰው ነው?

የሐይቅ ልጅ፦
በድርድር ነው። ከረዳቱ ጋር ሳይሆን ከሾፌሩ ጋር ጨርሺ፣ ሳትሳፈሪ።

ቧንቧ ውሃ፦
የቱን መረጣችሁ በኋላ? ንገሩን፣ እኛም የልጅ ልጅ አለን።

ሰኞ ገበያ፦
ኮምቦልቻዊ፣ ክንድህ እንዴት ሆነ ለመሆኑ?

ኮምቦልቻዊ፦
ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ሲበርድ ብቻ ያመኛል። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የቦርከና ድልድይ ጋ ነኝ፤ በማሳው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል እንነዳለን። ና፣ የፒያሳው ሰውዬ የሠራልህን ብስክሌት ይዘህ።