ኦክስፎርድ ስትሪት ጀርባ ያለችው ባለመቀነት ቤተ ክርስቲያን፦ ለምን ጡብ? መስኮቱስ?

ሚሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሎንዶን ማርጋሬት ስትሪት ላይ ያለችውን ኦል ሴይንትስ የምታውቋት አላችሁ? ለሥራ ቦታዬ ቅርብ ስለሆነች በምሳ ሰዓት ጎራ እላለሁ። እዚህ ያየኋቸው አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ድንጋይ ናቸው፤ ይህቺ ለምን በቀይ ጡብ ተሠራች? ጥቁሩ መስመርስ ቀለም ነው? ደግሞ እንግሊዞች ከመሠዊያው ጀርባ ትልቅ ባለቀለም መስታወት ይወዳሉ፤ እዚህ ግን ግድግዳው እንዳለ ሥዕል ነው። እኔማ የአገሬን መቅደስ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ግንበኛው፦
ሚሚዬ፣ ቀለም አይደለም። በሩ አጠገብ ጠጋ በይና ዳስሺው፤ ጥቁሩም ጡብ ነው፣ ከቀዩ ጋር በረድፍ የተገነባ። ንድፉ የዊልያም በተርፊልድ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1850 ተቀምጦ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው በ1859 ነው (በፈረንጆቹ)። ጌጡን ከላይ ከመለጠፍ ይልቅ ከግድግዳው ጋር አብሮ ገነባው፤ የኪነ ጥበብ ሐያሲው ጆን ረስኪንም በዚያው ዘመን ለዚህ ዓይነቱ ባለቀለም ግንባታ ይከራከር ነበር። ርካሽ ስለሆነ የመረጠው እንዳይመስልሽ፣ ያ ጡብ ከድንጋይም ይወደድ ነበር ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ልስን ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ልስን ስንቱን ጉድ ይሸፍናል! እዚህ ግን አንድ ረድፍ ትንሽ ቢዛነፍ ጥቁሩ መስመር ያሳጣሃል። ማማው ላይ መስመሩ ጥጉን ዞሮ የሚገጥምበትን እይውማ፤ የውሃ ልኩን ያልለቀቀ ሰው ሥራ ነው።

የፒያሳው፦
የመስኮቱ ጉዳይ የቦታ ጥበት ነው። መሬቱ በየጎኑ 100 ጫማ ገደማ ብቻ ነበር፣ ዙሪያውን ሕንፃ የከበበው። እዚያው ላይ የካህናት ቤትና የመዘምራን ትምህርት ቤትም አስገብቷል፣ በመካከላቸው ጠባብ ግቢ ትቶ። ብርሃን በግቢው በኩል ከደቡብ ይገባል፤ ሰሜኑ ድፍን ስለሆነ በኋላ በሥዕላዊ የሸክላ ንጣፍ ተሸፈነ። የምሥራቁን ግድግዳ መጀመሪያ የሣለው ዊልያም ዳይስ ነበር፤ ጥላሸትና የጋዝ መብራት ሲያበላሸው ኒንያን ኮምፐር በ1909 እንደ አዲስ ሣለው። ወደ ጎን ቦታ ያጣው ሕንፃ ወደ ላይ ሄደ፦ ማማው 227 ጫማ ነው፣ ከዌስትሚንስተር አቤይ መንትያ ማማዎች በ2 ጫማ ይበልጣል።

ቀለሟ፦
ይቅርታ፣ ለእኔ በዛብኝ። ወለሉ ዝንጉርጉር፣ ግድግዳው ዝንጉርጉር፣ መስበኪያው ሳይቀር ባለብዙ ቀለም እብነ በረድ። ዓይን የት ይረፍ?

ግንበኛው፦
ዓምዶቹ ላይ ይረፋ! የተወለወለ ግራናይት ናቸው፣ ደግሞም ጥቂት ናቸው። ቀትር ላይ ፀሐይ ካለ ሂጂ፤ በደመና ቀን ከገባሽማ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ቀለሙ እርስ በርሱ ይደባለቅብሻል።

ሚሚ፦
ተባረኩ። ነገ ፀሐይ ከወጣ ያንን የማማ ጥግ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ።