በታውበር ሸለቆ ከወንድሜ ልጅ ጋር በብስክሌት፦ ከየትኛው ጫፍ ልጀምር?

ጠያቂ፦ ቀስ_በቀስ (ፍራንክፈርት፣ ጀርመን)

ሰላም ለሁላችሁ። በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት አሥራ ሦስት ዓመት ከሞላት የወንድሜ ልጅ ጋር የአራት ቀን የብስክሌት ጉዞ ለማድረግ አስቤአለሁ። ልጅቱ በከተማ ውስጥ ጎበዝ ነጂ ናት። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአንድ የገጠር አውራ ጎዳና ላይ ስንሄድ የጭነት መኪና ክርናችንን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶን ስላለፈ፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳግመኛ ላልወስዳት ለእናቷ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ የምፈልገው ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ግንብ ያላት ጥንታዊ ከተማ የምትገኝበትና ጸጥ ያለ መንገድ ነው። ሰዎች የላንን ሸለቆ ከማርቡርግ እስከ ሊምቡርግ፣ ወይም የታውበርን ሸለቆ ከሮተንቡርግ እስከ ቬርትሃይም ጠቁመውኛል። የትኛው ይሻላል? ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከታች ወደ ላይ የሚኬደው? ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነም እጾማለሁ፤ በገጠር ማረፊያዎች የሚበላ ነገር አገኝ ይሆን?

ምላሽ፦ የሸለቆ_መንገደኛ

እህቴ፣ ሁለቱንም በብስክሌት ሄጄባቸዋለሁ። ላን በእርግጥ ያማረ ነው፤ ማርቡርግ ላይ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1235 የተጀመረው የቅድስት ኤልሳቤጥ ቤተ ክርስቲያን፣ ቫይልቡርግ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1847 የተከፈተው ጀልባዎች ከኮረብታው ሥር የሚያልፉበት ዋሻ ልጅን ያስደንቃሉ። ሆኖም መንገዱ አልፎ አልፎ ከወንዙ እየራቀ ዳገት ያስወጣል። ለመጀመሪያ ጉዞ ታውበርን እመርጥልዎታለሁ።

ከሮተንቡርግ እስከ ቬርትሃይም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ሮተንቡርግ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 425 ሜትር፣ ቬርትሃይም ደግሞ ታውበር ከማይን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ 145 ሜትር ላይ ስለሚገኙ፣ ውሃውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው በጠቅላላው እየወረደ ይሄዳል። ይህን ስል ዳገት የለም ማለቴ አይደለም፤ በተለይ ከክሬግሊንገን በላይ ሸለቆው ጠባብ በመሆኑ አጫጭር አቀበቶች አሉ። መንገዱን ጸጥ ያደረገው በአብዛኛው ገበሬዎች ወደ ማሳቸው የሚመላለሱበት፣ አስፋልት የለበሰ የእርሻ መንገድ መሆኑ ነው። የሚያጋጥማችሁ ትራክተር ነው፤ ሲመጣ ወርዳችሁ ሣሩ ላይ በመቆም አሳልፉት። ምልክቶቹ ነጭ መደብ ላይ በአረንጓዴ የተጻፉ ስለሆኑ ልጅቱ ራሷ እያነበበች ልትመራዎት ትችላለች።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። መንገዱ አጭር ስለሆነ በሁለት ቀን ያልቃል የሚል ሰው ካለ አይስሙት። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲያ አድርጌ የቫይከርስሃይምን ቤተ መንግሥትና የአትክልት ስፍራውን ሳልገባበት አልፌ በመሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መጀመሪያ ቀን ክሬግሊንገን፣ ሁለተኛው ቀን በቫይከርስሃይም በኩል ባድ ሜርገንትሃይም፣ ሦስተኛው ታውበርቢሾፍስሃይም፣ በአራተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1151 የተመሠረተውን የብሮንባኽን የሲስተርሲያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳም አይታችሁ ቬርትሃይም ብትገቡ፣ ከቀኑ እኩሌታው ለእግር ጉዞና ለዕረፍት ይተርፋችኋል። ባድ ሜርገንትሃይም እ.ኤ.አ. እስከ 1809 ድረስ በመስቀል ጦርነት ዘመን የተመሠረተው የቴውቶን ፈረሰኞች ማኅበር የበላይ መሪዎች መቀመጫ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1826 አንድ እረኛ ያገኘው ጨዋማ የማዕድን ውሃ ደግሞ የሕክምና መታጠቢያ ከተማ አድርጓታል።

ምላሽ፦ ማለዳ

በመንገዱ ምርጫ ከወንድማችን ጋር ብስማማም፣ በአቅጣጫው አልስማማም። ታውበር የሚፈሰው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ቁልቁል የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ነፋስን በደረቱ ሊገፋ ይችላል። በአራት ቀን ውስጥ ተከፋፍሎ የሚወጣ 280 ሜትር ከፍታ ግን እግር አያደክምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሮተንቡርግ የጉዞ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ መሆን የለባትም ብዬ አምናለሁ። ከሸለቆው ውስጥ፣ ከባለ ሁለት ደርቡ የድንጋይ ድልድይ ላይ ሆኖ ቀና ሲሉ ግንቧና ማማዎቿ ከጫካው በላይ ይታያሉ፤ በባቡር ከኋላ በር የገባ ሰው ይህን አያይም።

ሮተንቡርግ ቀን በአውቶቡስ ጎብኚ ትጨናነቃለች። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አብዛኞቹ ስለሚሄዱ፣ ጣሪያ ባለው የግንብ ላይ መተላለፊያ ልጅቱን ይዘው ይሂዱ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1945 በአየር ተደብድባ ብዙ ክፍሏ ወድሞ ስለነበር፣ ለግንቡ ጥገና ገንዘብ የሰጡ የሩቅ አገር ሰዎች ስም በየድንጋዩ ላይ ተቀርጿል፤ እየቆማችሁ ብታነቡ አሜሪካና ጃፓን ድረስ ያደርሳችኋል። በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1298 ለተጨፈጨፉት የከተማዋ አይሁድ መታሰቢያ አለ። የዚያ ዓመት ጭፍጨፋ የተጀመረው እናንተ በምታልፉባት በሮቲንገን ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ይህንንም ማወቅ ትችላለች ብዬ አስባለሁ።

ለባቡሩ፦ ሲሄዱ ከፍራንክፈርት በአሻፈንቡርግ በኩል ቬርትሃይም፣ ሲመለሱ ከሮተንቡርግ በሽታይናኽና በቩርዝቡርግ በኩል ነው። የክልል ባቡሮች ይበቃሉ። ዶይችላንድቲኬት (በመላ ጀርመን በክልል ባቡሮች የሚያስጉዘው ወርሃዊ ቲኬት) ሰውን እንጂ ብስክሌትን እንደማያካትት አይርሱ። በፍራንክፈርት ዙሪያ ባለው የራይን ማይን የትራንስፖርት ክልል ውስጥ ቦታ እስካለ ድረስ ብስክሌት በነፃ ይጫናል፤ ከዚያ ውጭ ግን ለእያንዳንዱ ብስክሌት ቲኬት ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።

ምላሽ፦ ዘቩርዝቡርግ

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ። በመንደር ማረፊያ ቤቶች የጾም ምግብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ አትክልት የተባለው ሁሉ ቅቤ ወይም ክሬም ይገባበታል። በአካባቢው የታወቀው እህል ግሩንከርን ይባላል፤ የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል ገና እሸት ሳለ ታጭዶ በሙቀት የሚደርቅ ስለሆነ፣ ጭስ ጭስ የሚል ሽታው የተጠበሰ እሸት ያስታውሳል። ሾርባው ግን ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ስለሚሠራ ሳይጠይቁ አይዘዙ። እኔ በሶ በትንሽ ጣሳ፣ ዳቦ ቆሎ ደግሞ በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው፤ በወንዙ ዳር በሶ በጥብጦ መጠጣት ለብስክሌተኛ ከማንኛውም የሱቅ ምግብ ይሻላል። ውሃ ሲያልቅባችሁ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ፤ አበባ ለማጠጣት የተሠራ ቧንቧ አጠገቡም አረንጓዴ የውሃ ማጠጫዎች የተሰቀሉበት ቦታ ይኖራል። «ካይን ትሪንክቫሰር» (የመጠጥ ውሃ አይደለም) የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይጠጣም።

እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። አንድ እሑድ ከተከረከመ የአጥር ቁጥቋጦ የወደቀ እሾህ የኋላ ጎማዬን በስቶብኝ፣ ትርፍ ከመነዳሪ ስላልያዝኩ ሰባት ኪሎ ሜትር ብስክሌቴን እየገፋሁ ተጉዣለሁ። ለሁለታችሁም በየጎማችሁ ልክ ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በፍልሰታ በክሬግሊንገን ማለፍዎ መልካም አጋጣሚ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ በጎን ሸለቆ ውስጥ ሄርጎትስኪርሸ የተባለ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አንድ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1384 ሲያርስ ቅዱስ ቁርባን አገኘበት በሚባለው ማሳ ላይ የታነጸ ነው። በውስጡ ጀርመናዊው ቀራፂ ቲልማን ሪመንሽናይደር እ.ኤ.አ. ከ1505 እስከ 1510 ባሉት ዓመታት ገደማ ከሊንደን ዛፍ እንጨት የቀረጸው ረጅም የመሠዊያ ሥራ ቆሟል። ቀለም አልተቀባም፤ የእንጨቱ ጭረት በመላእክቱ ክንፍ ላይ ይታያል። መላእክቱ እመቤታችንን እጆቿን እንዳጣመረች ሲያሳርጓት ሐዋርያቱ ከሥሯ በግራና በቀኝ ተከፍለው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የቀረው ባዶ ቦታ እሷ የተነሣችበትን ያሳያል። በእኛ ትውፊት ዕርገቷን ያየው ቶማስ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሐዋርያት እኛም እንይ ብለው ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሱባኤ ገቡ። እዚህ ግን ሁሉም ቆመው ያያሉ። ይህን ልዩነት ለልጅቱ በቦታው ላይ ሆነው ቢያስረዷት ደስ ይለኛል። የመክፈቻ ሰዓቱን ግን አስቀድመው ያጣሩ።

ጠያቂ፦ ቀስ_በቀስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቬርትሃይም ወደ ላይ ልንሄድ ወስነናል፤ ክሬግሊንገን የሦስተኛው ቀን ማደሪያችን ትሆናለች፣ በማግሥቱ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ሮተንቡርግ ማታ እንገባለን። በሶውን እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችው አለኝ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ከድልድዩ እስከ ከተማዋ በር ያለው አቀበት ነው፤ ሻንጣ የተጫነበትን ብስክሌት ልጅቱ ትችለዋለች?

ምላሽ፦ ማለዳ

አቀበቱ ከባድ ስለሆነ ሁለታችሁም ወርዳችሁ ብትገፉ ይሻላል። የልጅቱን ሻንጣ ወደ እርስዎ ብስክሌት አዛውሩት፤ ድልድዩ ላይ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ካለች በኋላ ጀምሩ።