ስለ እኛ የሚጻፈው መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው እንዴ?

የነታንያዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። መምህሯ የ2019ኙን (እ.ኤ.አ.) የቤተ እስራኤል ልጆች ሰልፍ ጋዜጦች እንዴት እንደዘገቡት ጻፊ ስላላት ሰሞኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተተክላለች። ትናንት ማታ ጠራችኝና ያገኘችውን አንድ በአንድ አሳየችኝ። የሚቃጠል መኪና። የሚቃጠል ጎማ። መንገድ ተዘግቶበት የሚጮህ ሹፌር። ሰለሞን ተካ ግን የት አለ? ኪርያት ሃይም ውስጥ በፖሊስ ጥይት የሞተው ልጅ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የወጣለት ልጅ፣ ባየናቸው ገጾች ላይ ስሙ ከስንት አንቀጽ በኋላ ነው የሚመጣው። «እማ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። እሷ ግን ቀንና ቦታ ያለው፣ ልትጠቅሰው የምትችለው ነገር ነው የምትፈልገው። ንዴቴን ብቻ እንዳላወርሳትም ፈራሁ። ሁሉም ጋዜጠኛ እንዲህ ነው? ከየት ትጀምር?

ሃይፋ_ወዲህ

እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው። ከጃንዋሪ 2019 ትጀምር። በዚያ ወር ባት ያም ውስጥ ይሁዳ ቢያድጋን ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። የ24 ዓመት ወጣት፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ያውም ፖሊስ የጠራው እርዱን ብሎ የገዛ ቤተሰቡ ነው። ፖሊስ «ቢላ ይዞ መጣብን» አለ። ጃንዋሪ 30 ቀን ሺዎች ቴል አቪቭ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከዚያ ምን ተደረገ ብሎ የተከታተለ ጥቂት ነው። አምስት ወር ቆይቶ፣ ጁን 30፣ ሰለሞን ሞተ። ስለዚህ የጁላዩን ቁጣ ድንገት ከሰማይ የወረደ አስመስሎ ያቀረበ ዘገባ ሁሉ ግማሹን ታሪክ ቆርጦ ነው የጣለው።

ግን ሌላውንም ትጻፍ፣ እንዳትደብቅ። መኪና ተቃጥሏል፣ ከ100 በላይ ፖሊሶች ተጎድተዋል ተብሏል፣ የሟች ቤተሰብ ራሱ በሐዘኑ ሳምንት ሰልፉን አቁሙልን ብሎ ለምኗል። የተኮሰው ፖሊስም ከሥራ ውጭ፣ ከቤተሰቡ ጋር ነበር፤ ወደ መሬት ነው የተኮስኩት ብሏል፤ ምርመራውም ጥይቱ መሬት ነጥሮ እንደመታው አሳይቷል። ይህን ሁሉ ጽፋም ጥያቄዋ አይወድቅም።

የድሮ_አንባቢ

ልጄ፣ ጋዜጠኛን ሁሉ በአንድ ዓይን አትይ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የደማችንን ጉዳይ ያወጣው እኮ ጋዜጣ ነው፣ ማሪቭ። እኛ ክንዳችንን ዘርግተን፣ ለሰው ሕይወት ይሆናል ብለን ስንሰጥ የደም ባንኩ እየተቀበለ ይደፋው ነበር። የሰጠነው ደም ሲደፋ! ባይጻፍ ኖሮ ስንት ዓመት እንደዚያ እንደምንቀጥል እግዜር ይወቀው። ጃንዋሪ 28 ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት፣ አሥር ሺህ ያህል ሰው ወጣ፤ እኔም ነበርኩ። ሽማግሌዎች በነጭ ነጠላቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በ2012ም ኪርያት ማላኪ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ ቤት አንሸጥም የሚሉ ነዋሪዎችን ያጋለጠው ቴሌቪዥን ነው።

ያስቆጨኝ ሌላ ነው። በደሙ ጊዜ ሰበብ የተደረገው ኤች አይ ቪ ነበር። አርዕስቱ አልፎ ሄደ፣ «በሽታ አለባቸው» የሚለው ግን ተለጠፈብን። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ድረስ ይዘውት ገቡ። እሱን ከላያችን ለማንሣት ተመልሶ የመጣ ጋዜጠኛ እኔ አላየሁም።

ዜና_ክፍል

እኔ ዜና ቤት ነው የምሠራው፣ ውስጡን ልንገራችሁ። አንድ ነገር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚደርሰን የፖሊስ ቃል አቀባይ መልእክት ነው። ተጽፎ፣ ተጠርጎ፣ ለመለጠፍ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ቤተሰቡ በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ነው ወይ ድንኳን ውስጥ ነው፣ እናትየው አማርኛ እንጂ ዕብራይስጥ እንደልብ አትናገርም፣ እኛ ዘንድ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ ሰው ከተገኘ ዕድል ነው። የመጀመሪያው ዘገባ የፖሊስ ሆኖ ይወጣል። ማታ የሚታረመውን ጠዋት ያነበበው ሰው አያየውም።

ደማስ ፈቃደን አስታውሱ። ኤፕሪል 2015፣ ሆሎን፣ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ፖሊሶች ደበደቡት። መጀመሪያ የታሰረው እሱ ነበር፣ ፖሊስ መታ ተብሎ። የመንገድ ካሜራ ቀርጾት ባይገኝ ኖሮ ማን ያምነው ነበር? ልጅሽ አንድ ነገር ታድርግ፤ በመጀመሪያው ሰዓት የወጣውንና ከሳምንት በኋላ የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጣ ማን እንደተናገረ ትቁጠር። ፖሊስ ስንት ጊዜ፣ ሹፌር ስንት ጊዜ፣ የሟች ወገን ስንት ጊዜ። መምህሯ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይጠይቅም።

አሽኬሎን77

ዝምታውንም ትጨምር። የእኛው ልጅ አበራ መንግሥቱ ሴፕቴምበር 2014 ጋዛ ገባ፣ ሐማስም ያዘው። ሕዝቡ የሰማው ጁላይ 2015 ነው፤ እስከዚያ አሥር ወር እንዳይዘገብ በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር። እገዳው ከተነሣ በኋላስ? ቀድሞ ጋዛ ተይዞ ለነበረው ለጊላድ ሻሊት የተደረገውን ዘመቻ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሻሊት ወታደር ነበር ይሉኛል፤ ይሁን፣ አበራም የእናት ልጅ ነው፣ ያውም ታማሚ። የተፈታው ፌብሯሪ 2025 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ!

የነታንያዋ እናት

እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ እርስዎም ዕድሜ ይስጥዎ። አንብቤላት ቆጠራውን ወዳዋለች፣ በጃንዋሪና በጁላይ መሀል የወጣውንም ልፈልግ ብላለች። ዜና ክፍል፣ አንድ ነገር ብቻ፤ በድረ ገጽ ላይ የታረመ ዜና የመጀመሪያው ጽሑፍ ከነሰዓቱ የሚገኝበት መንገድ አለ? ሐሙስ ነው የምታስረክበው።