ለአባቴ የትኛው ማጫወቻ ይሻለዋል?

እስኪ የምታውቁ ፍረዱኝ። አባቴ ያለው መሐል ሜዳ ነው። የመንዝ ብርድ ጣቱን እያደነዘዘው ተች ስልክ አልሆነለትም። መዝሙርና በገና የሚሰማበት፣ ቁልፍ ያለው ማጫወቻ ልገዛለት ነው።

ደብረ ብርሃን ሁለት ያገለገሉ አገኘሁ። አንዱ አይፖድ ክላሲክ ነው፣ 160 ጊጋባይት። ፊቱ ላይ ባለው ክብ ቁልፍ ላይ አውራ ጣትን ማዞሩ እንዴት ደስ ይላል! ግን ሬዲዮ የለውም፣ ሜሞሪ ካርድ አይቀበልም፣ መዝሙር ለመጫን አይቲዩንስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፈልጋል። መመረቱ የቆመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ ባትሪው ያሳስበኛል።

ሌላው ሳንዲስክ ክሊፕ ጃም፣ 8 ጊጋ። ኤፍኤም አለው፣ ሜሞሪ ይወስዳል፣ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ስክሪኑ ግን ጥፍር ታክላለች። አባቴ እንደሆነ መነጽሩን ጋቢው ውስጥ ሲፈልግ ነው የሚውለው።

ክሊፕ ጃምን ሳያይ፣ በጣቱ ዳሰሳ ብቻ የሚጠቀም ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ሻጩ እስከ ቅዳሜ ነው የሚያቆይልኝ።